ጎማው ምን አጠፋ?

ጋዜጠኝነት የተማረች ልጅ ስለ መኪና ስትጽፍ ያስቃል አይደል? ሳቁ፣ ግድ የለም። መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። ግን ካለፈው ክረምት ወዲህ ቤታችን ውስጥ ከእኔ ሥራ ፍለጋ ይልቅ የአጎቴ መኪና ወሬ ስለበዛ፣ ዛሬ ስለ እሱ ካልጻፍኩ የሚወጣልኝ አይመስለኝም።

መኪናው ፒክአፕ ነው፤ ባለ አንድ ጋቢና፣ ባለ ረጅም ካሶኒ። አጎቴ ከመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት እየጫነ አዲስ አበባ ያራግፋል። የቤት ኪራዩም፣ የልጁ የኮሌጅ ክፍያም ከዚያ ካሶኒ ላይ ነው የሚወርደው። ታዲያ ይሄ መኪና አንድ አመል አመጣ። ከቆመበት ሲነሳ፣ በተለይ ጭኖ ከሆነ፣ ከወለሉ ሥር ድምድምድም እያለ ይንዘፈዘፋል። መቀመጫው ይርገፈገፋል። ፍጥነቱ 30 ሲያልፍ ጭጭ! ምንም እንዳልተፈጠረ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ጋራዥ «ጎማ ነው» አለ። ባላንስ ተሠራ፤ ለውጥ የለም። «እንግዲያው ጎማው አርጅቷል» ተባለና ሁለት አዲስ ጎማ ተገዛ። ድምድምድም። ሁለተኛው ጋራዥ ደግሞ ብዙም ሳይጨነቅ «ፍሪሲዮን ነው፣ ይቀየር» አለ። ካምቢዮው ወረደ፣ ፍሪሲዮኑ ተቀየረ፣ መኪናው ዘጠኝ ቀን ቆመ። ሲወጣስ? ጭራሽ ብሶበት ወጣ። ድሮ 30 ላይ የሚተወውን አሁን 60 ላይም ያዘው። የአጎቴ ልጅ የሁለተኛ ሴሚስተር ክፍያም ከፍሪሲዮኑ ጋር አብሮ ሄደ።

እንግዲህ በሰው ጥቆማ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድን። (እኔም «ለአጃቢነት» ተሳፍሬ ነበር።) እሳቸው ቁልፍ አላነሱም። ጠየቁ።

«ቆሞ፣ ፎሌ ላይ አድርገህ ነዳጅ ስትሰጠው ይንቀጠቀጣል?»

«የለም ጋሼ።»

«እግርህን ከፍሪሲዮኑ ስታነሳ ብቻ ነው? ወይስ ሙሉ በሙሉ ካነሳህም በኋላ ይቀጥላል?»

«ይቀጥላል።»

«ባዶውንስ?»

«ባዶውን ይቀንሳል።»

«ፎር ዊል ገብቶ ረስተኸው አይደለም?»

«ኧረ በፍጹም!»

ከዚያ አጎቴን አስነድተው አብረውት ወጡ። ነዳጅ ሲሰጥ 25 ላይ እያንቀጠቀጠ ሳለ «አሁን ፎሌ አድርገው» አሉት። መንቀጥቀጡ ከሞላ ጎደል ጠፋ። መኪናው ግን በዚያው ፍጥነት እየተንከባለለ ነበር። ዞር ብለው አዩኝና «የኔ ልጅ፣ ጎማው አሁንም እየዞረ ነው። ጥፋቱ የሱ ቢሆን ኖሮ መቼ ዝም ይል ነበር?» አሉኝ።

እኔ አራት ዓመት ሙሉ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን እያልኩ ተምሬ እንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ አላየሁም።

ነገሩ ሲብራራልኝ እንዲህ ነው። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ጉልበት የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ካርዳን ይባላል። ረጃጅም ፒክአፖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ መሀሉን በላስቲክ የተያዘ ኩሽኔታ ይደግፈዋል። መገጣጠሚያዎቹ ላይ ደግሞ መስቀል የሚመስሉ ክሮቼራዎች አሉ። ላስቲኩ ሲበላ መኪናው ጭኖ ሊነሳ ሲል ዘንጉ ከቦታው ይነሳል፣ ይወዛወዛል። ጉልበቱ ሲቀንስ ደግሞ ይረጋል። ለዚህ ነው ሲነሳ አገር ይያዝልኝ ብሎ በኋላ የሚጨምተው።

ለጆሮ የሚሆን ሒሳብም አለው። የኋላ ጎማ አንዴ ሲዞር ካርዳኑ በብዙ ፒክአፖች ላይ 4 ጊዜ ያህል ይዞራል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስንሄድ ጎማው በሰከንድ ከ2 ዙር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ካርዳኑ ግን 9 ያህል ይዞራል። ክሮቼራ ደግሞ ዘንጉ ዘንበል ብሎ ሲሠራ በአንድ ዙር ሁለቴ ይመታል፤ በሰከንድ 18 ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ያበጠ ጎማ በዝግታ ሲያነጥር፣ ካርዳን ግን ድምድምድም ይላል። የባላንስ ችግርስ? እሱ ከፍጥነት ጋር ነው የሚያድገው፤ በ100 ላይ ያለው ግፊት በ20 ላይ ካለው 25 እጥፍ ነው። በ20 አንቀጥቅጦ በ80 የሚተኛ መኪና ባላንስ ይሠራልኝ ብሎ አልጮኸም።

መኪናው በብረት መደገፊያ ላይ ተሰቀለ፤ ጎማዎቹ ታኮ ተደረገላቸው። (ክሪክ ብቻ አምኖ ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው አሉ።) የመሀሉ ኩሽኔታ ላስቲክ ተቀዶ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ሁለተኛው ጉድ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ሲቀየር የመጣ ነው። ካምቢዮውን ለማውረድ ካርዳኑ ተፈቶ ነበር፤ ሲፈታ ግን ምልክት አልተደረገበትም። መልሰው ሲገጥሙት ክሮቼራዎቹ እርስ በርስ ተዛነፉ። አንዱ የሚያፈጥነውን ሌላው ማካካስ ሲገባው፣ ጭራሽ ተባብረው መቱ። 60 ላይ የጀመረው አዲሱ መንቀጥቀጥ ከዚህ የመጣ ነው። ማለትም አጎቴ ከፍሎ የገዛው በሽታ ነው።

እዚህ ላይ «መካኒኮቻችን ሌቦች ናቸው» ብዬ ብጨርስ ብዙዎቻችሁ ታጨበጭቡልኛላችሁ። ግን አልልም። ሁለቱም ጋራዦች አጎቴን ሊዘርፉ አልተነሱም። የሚከፈላቸውን ነው የሠሩት። እኛ የምንከፍለው ደግሞ ለዕቃ ነው። በእጃችን ለያዝነው፣ በካርቶን ለመጣው፣ አዲስ ለሚሸተው ነገር ሳናቅማማ እንከፍላለን። አንድ መካኒክ «አንድ ሰዓት ነድቼ ልፈትሸውና ለምርመራው ይሄን ያህል ክፈለኝ» ቢለን ግን «ለማየት ብቻ?!» እንላለን። ታዲያ ማን ይጠይቅልን? ጥያቄ የማይገዛ ደንበኛ ግምት ይሸጥለታል።

ግምት ደግሞ ድሮም ርካሽ አልነበረም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህማ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የቱን ያህል እንደሆነ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ መጠየቅ ነው። «እስቲ ይሄን ቀይረን እንየው» የሚባለው ሙከራ የአንድ ቤተሰብ የወር ገቢ ሊበላ ይችላል።

«ጊዜ የለም እኮ፣ መኪና ቆሞ ቲማቲም ይጠብቃል እንዴ?» ይሉኛል ባለመኪኖች። አጎቴም ይህንኑ ነበር የሚለው። አንድ ሰዓት አጥቶ ዘጠኝ ቀን ቆመ! ደግሞም «ለመድነው» ብሎ መንዳትም አለ። ያለቀ ክሮቼራ አንድ ቀን ሊበጠስ ይችላል። ተጭኖ ዳገት ላይ ካርዳኑ ከወደቀ ወሬው ስለ ገንዘብ አይሆንም።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ባለመኪና ሆይ፣ ጋራዥ ከመሄድህ በፊት በስንት ፍጥነት፣ ነዳጅ ስትሰጥ ወይስ ስትለቅ፣ ጭነህ ወይስ ባዶህን እንደሆነ ጻፍ። «ይቀየር» ሲሉህ «ምን አይታችሁ ነው?» በል። መልስ ላለው ሰው ደግሞ ለመልሱ ክፈለው። መካኒክ ሆይ፣ ካርዳን ስትፈታ ቀለም ቀባ፤ ጠብታ ቀለም ናት።

ሽማግሌው ለምርመራ የጠየቁት ብር አጎቴን መጀመሪያ አስደንግጦት ነበር። ኩሽኔታው ከአንድ ጎማ ረክሶ ተገኘ፤ ካርዳኑ ተስተካክሎ ተገጠመ፤ መኪናው ድምፁን አጠፋ። የልጁ ክፍያም ቢዘገይ፣ ከቅጣት ጋር ቢሆንም፣ ተከፈለ።

ጎማዎቹ ምንም አላጠፉም ነበር። አዲሶቹ ግን አምረውበታል።