ለሥራ ተቋራጮችና ለሳይት ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ፦ «ይሄ እንጨት አያስተማምንም» ያለ ሠራተኛ ነገም ሥራ ያግኝ

የተከበራችሁ የሥራ ተቋራጮች፣ የሳይት መሐንዲሶችና ፎርማኖች፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ ሄልሜትና ስለ ደህንነት ቀበቶ አይደለም። ስለ እነሱ ብዙ ተብሏል፤ መባሉም ተገቢ ነው። የኔ ጉዳይ ከዚያ የሚቀድም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሚነሡት ሕንፃዎች ላይ ሰው ከመወጣጫ ከመውደቁ፣ የቁፋሮ አፈር ከመደርመሱ፣ ፌሮ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ከመነካካቱ በፊት አደጋውን ያየ ወይም የጠረጠረ ሰው ብዙውን ጊዜ እዚያው ሳይቱ ላይ ይኖራል። ያየውን ግን ለሚያዘው ሰው አይነግርም፤ ቢነግርም ሰሚ አያገኝም። ለሠራተኞቻችሁ ደህንነት ልታደርጉ ከምትችሉት ሁሉ ትልቁ፣ ይህ ያየ ሰው ያለ ፍርሃት እንዲናገር ማድረግ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ማድረግ የሚችል ከእናንተ ሌላ የለም።

እስቲ ነገሩን ከታች ጀምረን እንየው። አንድ የልስን ሠራተኛ ጠዋት አራተኛ ፎቅ ላይ በባህር ዛፍ መወጣጫ ሲወጣ አግዳሚው እንጨት ከቋሚው ጋር የታሰረበት ሽቦ ላልቶ ያገኘዋል። የሚረግጠው ጣውላም ይነቃነቃል። ሰውየው የቀን ሠራተኛ ነው። ነገ ይጠራ አይጠራ የሚወስነው ካቦው ነው። ቢናገር በባልደረቦቹ ፊት «ፈራህ እንዴ?» መባል አለ፤ መወጣጫው እስኪጠገን ሥራ ቢቆም ደግሞ የቆመበት ሰዓት ከሂሳቡ ሊቀነስ ይችላል። ዝም ቢል ምናልባት ምንም አይደርስም፤ ትናንትም አልደረሰም። ሠራተኛው ዝም የሚለው ሰነፍ ወይም አላዋቂ ስለሆነ አይደለም። የዕለት እንጀራውን የሚያስብ ሰው ሁሉ የሚወስነውን ነው የወሰነው። ዝምታን አትራፊ፣ መናገርን ኪሳራ ያደረገው የክፍያውና የትእዛዙ አሠራር ነው፤ አሠራሩን የዘረጋችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ባንግላዴሽ ውስጥ ከዳካ ወጣ ብላ በምትገኘው ሳቫር ራና ፕላዛ የተባለው ስምንት ፎቅ ሕንፃ ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ነበሩ። የሚያንገበግበው ግን በዋዜማው የሆነው ነው። ግድግዳውና ምሰሶው መሰንጠቁ ታይቶ ነበር፤ ሕንፃው ባዶ እንዲሆን ተደርጎም ነበር። ከታች ቅርንጫፍ የነበረው ባንክ በማግስቱ ሠራተኞቹን አላስገባም። የስፌት ሠራተኞቹ ግን እንዲመለሱ ታዘዙ፤ ያመነቱትም ደመወዛችሁ ይቀራል ተባሉ። ስንጥቁን ሁሉም አይቶታል። የባንኩ ሠራተኛ በሕይወት ሲተርፍ ልብስ ሰፊዋ የሞተችው፣ ፍርሃቷን ብትናገርም አልገባም ማለት የምትችልበት አቅም ስላልነበራት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ማንም ማንንም አላስፈራራም። ሰኔ 29 ቀን 1980 ዓ.ም. ማታ በሰሜን ባሕር ላይ ፓይፐር አልፋ የተባለው የነዳጅና የጋዝ ማምረቻ ፈንድቶ 167 ሰዎች አለቁ። ቀን ላይ ከሁለቱ የጋዝ ፈሳሽ መግፊያ ፓምፖች የአንደኛው የደህንነት ቫልቭ ለጥገና ተፈትቶ፣ ክፍት የቀረው ቦታ በጊዜያዊ ክዳን ተሸፍኖ ነበር። ሥራው እንዳላለቀ የሚያሳይ ወረቀት ተሞልቷል። ፈረቃ ሲቀየር ግን ወሬው ለማታዎቹ አልደረሰም። ማታ ሌላኛው ፓምፕ ሲቆምባቸው ቫልቩ የተፈታበትን ፓምፕ ደህና መስሏቸው አስነሡት፤ ጋዙም በክዳኑ ሾልኮ ወጣ። ይህን የማነሣው ሳይቶቻችን ላይ በየጊዜው የሚደገም ነገር ስለሆነ ነው። የቧንቧው ንዑስ ተቋራጭ የሊፍት ጉድጓዱን መሸፈኛ ጣውላ ያነሣል፤ አመሻሽ ላይ ብሎኬት ተሸክሞ በዚያ የሚያልፈው ልጅ ግን ከሌላ ንዑስ ተቋራጭ ጋር የሚሠራ ነውና የነገረው የለም። ቅጽ መሙላት ብቻውን መነጋገር አይሆንም። ያነሣው ሰው የሚያልፈውን ሰው በአካል አግኝቶ መንገር አለበት፤ እስኪነግረውም ጉድጓዱን ትቶ መሄድ የለበትም።

ሕጋችን በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራውን አደጋና መጠንቀቂያውን ለሠራተኛው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በአንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው አደጋ ሊያስከትል ይችላል ያለውን ሁሉ ለአሠሪው እንዲያስታውቅ ግዴታ ይጥልበታል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ከባድ አደጋ ከፊቱ ተደቅኖ ከሥራ ቦታው ፈቀቅ ያለ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት እንዳይጎዳ ይጠብቀዋል። የመናገር ግዴታውና ይህ ጥበቃ ተያይዘው ካልተፈጸሙ ሠራተኛው ግዴታውን የሚወጣው ሥራውን ለማጣት ቆርጦ ነው፤ ከእሱም ይህን ያህል መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም።

የምታነሡትን መቃወሚያ አውቀዋለሁ፤ ባዶ ነውም አልልም። ሠራተኛው ራሱ ግድየለሽ ነው፣ ሄልሜት ሰጥተነው ራሱ ላይ አያደርግም ትላላችሁ። እውነት ነው፤ የማያደርጉ አሉ። ለምን እንደማያደርጉ ግን ተጠይቀዋል? በሳይቶቻችን ላይ ከወላይታ፣ ከጋሞና ከሌሎች አካባቢዎች የመጡ፣ አማርኛን ገና የሚለምዱ ወጣቶች ይሠራሉ፤ በር ላይ የተሰቀለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። በማያነበው ቋንቋ የተጻፈለት ሰው አልሰማም ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም። ቋንቋውን የሚችል አንድ የሥራ ባልደረባው ጠዋት ከሥራ በፊት ለአምስት ደቂቃ የዕለቱን አደገኛ ቦታ ቢነግረው፣ ሲጨርስም «አንተስ ምን አየህ?» ቢለው፣ ከሰሌዳው ብዙ እጥፍ ይጠቅማል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ሥራ አቁም የማለት መብት ከሰጠናቸው በየሰበቡ ያቆሙናል የሚል ነው። የቶዮታ ፋብሪካ ተሞክሮ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እዚያ ማንኛውም ሠራተኛ ችግር ሲያይ ከአጠገቡ ያለውን ገመድ ይስባል። ገመዱ ሲሳብ ግን መስመሩ ወዲያው አይቆምም፤ መጀመሪያ የቡድን መሪው ይመጣል፣ ነገሩ እዚያው ከተፈታ ሥራው ይቀጥላል፣ ካልተፈታ ይቆማል። ከእናንተም የሚፈለገው ይኸው ነው፦ ሲጠሯችሁ መምጣት። ፎርማኑ መጥቶ ሽቦውን አጥብቆ ቢሄድ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ሥራ ይጓተታል፣ የባንክ ወለዱም ይቆጠራል ለምትሉም፣ ሰው የሞተበት ሳይት የሚቆምበትን ጊዜ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካውን የአልሙኒየም ኩባንያ የአልኮአን አመራር የተረከቡት ፖል ኦኒል ከሁሉ አስቀድመው የሠራተኛ ደህንነትን ዓላማቸው ሲያደርጉ ባለአክሲዮኖች ደንግጠው ነበር። እሳቸው በቆዩባቸው ዓመታት ጉዳቱም ቀነሰ፣ ኩባንያውም በእጅጉ አተረፈ።

ባህላችን አለቃን መናገር አይፈቅድም የሚሉም አሉ። ዝምታ ወርቅ ነው እንላለን፤ ግን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የምንለውም እኛው ነን። ትልቅ ሰው ማክበር መልካም ነው፤ እንጨቱ ላልቷል ማለት ግን አለቃን መድፈር አይደለም። ድፍረት የሚያስመስለው የአለቃው ፊት ነው፤ ያንን ፊት መለወጥም የአለቃው ፈንታ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬን ላቅርብ። በአደጋ ስጋት ሥራ የቆመበትን ሰዓት ሙሉ ክፈሉ። ስጋቱን የተናገረ ሠራተኛ በዚያው ቀን መልስ ያግኝ፤ ስጋቱ ትክክል ባይሆን እንኳ ለምን እንዳልሆነ ይነገረው። በተናገረ ማግስት ሥራ የተከለከለ ሰው ካለ ካቦው ምክንያቱን ለእናንተ ለራሳችሁ ያስረዳ። ይህን ቃል የሚቀጥለው የሶሌታ ሙሌት ከመጀመሩ በፊት፣ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ካቦውም ቆሞ በሚሰማበት፣ በራሳችሁ አፍ እንድትሰጡ እለምናችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር