የተራራው መንገድና የተደፈነው ቱቦ

ባለፈው መጋቢት ወር በአንድ ቅዳሜ ቀን ከአስመራ ማለዳ ተነሥቼ ብቻዬን በሞተር ብስክሌት ወደ ምሥራቁ ቍልቍለት ወረድሁ። ወዳጆቼ ይህን በሰሙ ጊዜ «ያለ ጓደኛ በገደል አፋፍ መሄድ ዕብደት ነው» ብለው ገሠጹኝ፤ የምመለስበትን ሰዓት ለማንም ሳልናገር መውጣቴ በእውነቱ ጥፋት ነውና አልተከራከርኋቸውም። ዳሩ ግን በዚያ ቀን ያየሁትን፣ በአውቶሞቢል መስኮት ብዙ ዓመት ሳልፍ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም ነበርና፣ ሥልጣን ያላቸው ሹማምንትና ኑሮአቸው በመንገድ የሆነ ነጋዴዎች ያስቡበት ዘንድ ልጽፈው ወደድሁ።

አስመራ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፣ ምጽዋ በባሕሩ ዳር ናት። በመካከላቸው ያለው ርቀት በአየር ቢለካ 70 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የባቡር ሐዲዱ ግን ይህን ከፍታ ለመውጣት 118 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠማዘዛል፤ ሥራው ከምጽዋ በ1887 ተጀምሮ አስመራ የደረሰውም እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1911 ነው። በእንዲህ ያለ ቍልቍለት የሚወርድ ውሃ ምን ያህል ጕልበት እንዳለው መገመት አያዳግትም።

አስፋልቱን ትቼ ወደ ተራራው መንደሮች የሚወስደውን ኮረኮንች መንገድ በያዝሁ ጊዜ ማርሹን ዝቅ አድርጌ፣ ፍሬኑን እየቈጠብሁ፣ ዐይኔን ከመሬት ሳላነሣ ሄድሁ። በሁለት ጎማ የሚሄድ ሰው ሌላውን ለማየት ፋታ የለውም፤ መንገዱን ግን ያነበዋል። ከአንድ ጠመዝማዛ ማዶ መንገዱ እኩሌታው ተቈርሶ ወደ ገደሉ ወርዶ ኖሮ፣ ሞተሩን ላቆም ስል ተንሸራትቼ ወደቅሁ። ግመል ሲነዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ደርሰው አነሡኝ።

«ይህ መቼ ፈረሰ፣ አባቴ?» አልኋቸው።

«በታኅሣሥ ዝናብ ነው፣ ልጄ። ድንጋይ ወርዶ የቱቦውን አፍ ደፈነው። ሁለት ጕልማሶች በአንድ ጥዋት ባነሡት ነበር።»

«ታዲያ ስለ ምን አላነሣችሁትም?»

«መንገዱ የመንግሥት ነው። ብንነካውና ቢፈርስ፣ ማን ፈቀደላችሁ ብንባል ምን እንመልሳለን?»

ጭነት መኪና እዚያ መድረሱን ከተወ ሦስት ወር ሆኖታል። እህሉና ዘይቱ ከአስፋልቱ ዳር እየተራገፈ በግመል ይጫናል፤ የግመሉም ኪራይ በመጨረሻ የሚወድቀው በገዢው ላይ ነው። በየካቲት ወር ምጥ የጠናባትን አንዲት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ሌሊቱን ሙሉ ዳገቱን እንደ ወጡ ሽማግሌው ነገሩኝ። ደኅና ደርሳ እንደ ሆነ ብጠይቃቸው ዝም ብለው ወደ ግመላቸው ተመለሱ።

ብዙ ሰው መንገድን የሚያበላሸው የከባድ መኪና ጎማ ይመስለዋል። ጎማ መንገድን ያደክመዋል፤ የሚገድለው ግን ውሃ ነው። ቱቦው በተደፈነ ጊዜ ጎርፉ መንገዱን ተሻግሮ ይሄዳል፤ ሲሻገርም አስቀድሞ ደቃቁን አፈር፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ በመጨረሻም የድንጋዩን ካብ እግር ይወስዳል። በዚህ ቍልቍለት ደግሞ ነገሩ እጥፍ ነው፤ የላይኛው ወገን የክረምቱን ዝናብ ሲቀበል፣ ወደ ባሕር የሚያየው ወገን ከኅዳር እስከ መጋቢት የራሱ ዝናብ አለው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚጠረግ ቦይ በዚህ ስፍራ እንዳልተጠረገ ይቈጠራል።

«ገንዘብ የለም» የሚል መልስ እንደሚመጣ ዐውቃለሁ። የፈረሰውን ካብ መልሶ ለመሥራት በእርግጥ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ድንጋዩን ከቱቦው አፍ ለማንሣት ግን የሚያስፈልገው አካፋና አንድ የፈቃድ ደብዳቤ ነበር። ስለዚህ የሚመለከታቸው ሹማምንት ለየመንደሩ ሽማግሎች በአጠገባቸው ያለውን ቦይና ቱቦ እንዲጠርጉ በጽሑፍ ሥልጣን ቢሰጡአቸው፣ ነጋዴዎችም ለግመል ኪራይ ከሚያወጡት ጥቂቱን ቀንሰው የሠራተኞቹን የቀን ዋጋ ቢያዋጡ ከሁሉ የቀለለ መንገድ ይመስለኛል። ይህም ከኅዳር ዝናብ በፊት መሆን አለበት። ከዚያ ስፍራ አለፍ ብሎ ሁለት ሌሎች ቱቦዎች አይቻለሁ፤ አንደኛው እስከ ግማሹ ተደፍኖአል።