ሶፍትዌሩ በነጻ መጣ፤ መመሪያውስ?

የጅማ ቡና ነጋዴ ለብዙ ዘመን ሲጠየቅ የኖረው ስለ እርጥበት፣ ስለ ደረጃና ስለ ጣዕም ነው። አሁን ከአውሮፓ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ቡናው የበቀለበት ማሳ የት ነው?» የሚል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተያዘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ሁለት ጊዜ ተገፍቶ ለትልልቅና ለመካከለኛ ኩባንያዎች ዲሴምበር 30 ቀን 2026፣ ለአነስተኞቹ ደግሞ ጁን 30 ቀን 2027 ተብሏል። ቀኑ ተገፋ እንጂ ጥያቄው አልቀረም።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። አንድ ኮንቴይነር በአብዛኛው 320 ባለ 60 ኪሎ ጆንያ፣ ማለትም 192 ኩንታል ይይዛል። ከጎማ፣ ከማናና ከሊሙ ኮሳ ገበሬዎች ከእያንዳንዳቸው ሁለት ኩንታል ንጹሕ ቡና ተሰብስቦ ቢሞላ የ96 ማሳ አድራሻ ያስፈልጋል። ከአራት ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ የኬክሮስና የኬንትሮስ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ዙሪያው በሙሉ መለካት አለበት። ከ96ቱ አንዱ ደንቡን ሳያሟላ ቢቀር፣ የእሱ ቡና ተለይቶ እስካልወጣ ድረስ ጭነቱ በሙሉ አደጋ ላይ ነው።

ደግነቱ መሣሪያው በነጻ አለ። መረጃውን በሞባይል ለመሰብሰብ ኦዲኬና ኮቦ፣ ካርታውን ለመሥራት ኪውጂአይኤስ፣ ማሳውን ከደን ካርታዎች ጋር ለማመሳከር ደግሞ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ያወጣው ዊስፕ አሉ። ሁሉም ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆነ «ኦፕን ሶርስ» የሚባሉ ሶፍትዌሮች ናቸው። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የፋይዳ መታወቂያችንም የቆመው ከሕንድ በተነሣው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው።

ችግሩ ያለው መመሪያው ላይ ነው። የእነዚህ ሶፍትዌሮች የአጠቃቀም መመሪያ መጀመሪያ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አጋሮ ወይም የቡ ላይ ማሳ ለማሳ የሚዞረው ወጣት ግን አፋን ኦሮሞ ወይም አማርኛ ነው በደንብ የሚያነበው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኅብረቱ መረጃ የሚቀበልበት ጂኦጄሰን የተባለው የፋይል ዓይነት ኬንትሮስን አስቀድሞ ኬክሮስን ያስከትላል፤ በልማድ የምንጽፈው ግን በተቃራኒው ነው። ጅማ በግምት ሰሜን 7.67፣ ምሥራቅ 36.83 ላይ ናት። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ከተለዋወጡ የጅማ ቡና የበቀለው ሰሜን ምሥራቅ አልጄሪያ፣ አናባ ከተማ አጠገብ ነው ማለት ነው! ደንቡ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ይጠይቃል፤ ጸሐፊው ሁለት ብቻ ካስቀረ ማሳው እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሸሽ ይችላል። ይህን ሁሉ ለመከላከል በየማጠቢያ ጣቢያው የተለጠፈ አንድ ገጽ ይበቃል።

የበለጠው ቁም ነገር ጥላው ነው። የእኛ ቡና የሚያድገው በሳሳ፣ በዋንዛና በብሳና ሥር ስለሆነ ከሰማይ የሚያይ ሳተላይት የቡና ማሳን ከደን ሊያምታታው ይችላል። በ2020 ካርታ ላይ «ደን» ተብሎ የተመዘገበ ማሳ፣ ገበሬው ጥላውን ሲያሳሳ «ተመነጠረ» ሊባል ነው። ይህን ለሶፍትዌሩ ባለቤቶች ማን ያስረዳ? መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከልና የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጎማ የቡና ማሳ ከገራ ደን በምን እንደሚለይ በፎቶግራፍና በልኬት አስደግፈው ቢጽፉና ቢልኩ፣ ተመርምሮ በመመሪያው ውስጥ ሊካተት ይችላል። የክፍት ሶፍትዌር ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ተጠቃሚውም ጸሐፊ መሆን ይችላል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሥራ ለምን ባለቤት ያጣል? መመሪያ ለመጻፍ ወጪው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሺህ ሰው ቢያነበው የሚጨምረው ወጪ ከቁጥር አይገባም። ነገር ግን ጽፎ ያወጣው ላኪ ወጪውን ብቻውን ተሸክሞ ተፎካካሪው በነጻ ይጠቀማል። ስለዚህ ሁሉም ሌላው እስኪጽፍ ይጠብቃል፤ እስከዚያው እያንዳንዱ ለየራሱ አሠልጣኝ ይከፍላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

«ምሥጢሬን ለተፎካካሪዬ ልስጥ?» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። መረጃና መመሪያ ግን ይለያያሉ። የገበሬው ስምና የማሳው ነጥብ የየድርጅቱ ነው፤ ይቆለፍበት። አለካኩ ግን ምሥጢር ሊሆን አይገባም። የጎረቤት ስህተት ለሁሉም ይተርፋል፤ ገዢው አንድ ጊዜ ከተጠራጠረ የሚሸሸው ከአንድ ላኪ ብቻ ሳይሆን ከጅማ ቡና ነው።

በመሆኑም የቡና ላኪዎች ማኅበር፣ የገበሬዎች ዩኒየኖችና የቡናና ሻይ ባለሥልጣን ወጪውን ተካፍለው ሁለት ሦስት ጸሐፊ ይቅጠሩ። ከሃያ ገጽ ያልበለጠ መመሪያ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍ፤ ማንም እንዲያባዛው ይፈቀድ፤ የእትሙ ቁጥርና ቀን ሽፋኑ ላይ ይስፈር። ከሁሉም በላይ ደንቡ ወይም ሶፍትዌሩ ሲለወጥ የሚያርመው ቋሚ ሰው ይመደብለት፤ ያለ አራሚ የተተወ መመሪያ ከዓመት በኋላ ራሱ ያሳስታልና።

አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። የሃያ ገጽ ወጪ ከአንድ ኮንቴይነር መመለስ ኪሳራ ጋር እንኳ የሚወዳደር አይደለም።