ለከብት ቆጣሪው ደብተር ብቻ አይበቃም

ከብት በገባበት ጥብቅ ሥፍራ ሁሉ አንድ የተለመደ መላ አለ፤ «ከማኅበረሰቡ በጎ ፈቃደኞች ይመረጡና ግጦሹን ይከታተሉ»። ስብሰባ ላይ ሲነገር ያምራል። ወጪ የለውም፣ «አሳታፊ» ነው፣ ሪፖርት ላይም ደስ ይላል።

ግን ያ በጎ ፈቃደኛ ማለዳ ሜዳው ላይ ሲደርስ የሚያገኘው የማንን ከብት ነው? የጎረቤቱን። የልጁን ክርስትና አባት። በማኅበር አብሮት ጽዋ የሚጠጣውን ሰው በሬዎች። ታዲያ ምን ይጻፍ? እውነቱን ከጻፈ ለአጨዳ ደቦ ሲጠራ የሚመጣለት ያጣል። ካልጻፈ «ማኅበረሰቡ ራሱ አይጠብቅም» የሚል ባለሙያ ከከተማ ይመጣበታል። ጽፎ ለወረዳ ቢያስረክብና ነገሩ በሽምግልና ቢለዝብ ደግሞ፣ ከብቱ በሳምንቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ቂሙ ብቻ እሱ ቤት ይቀራል። በዚያ ላይ ሰሜን ሸዋ እንዳለበት ሁኔታ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ በሚዘዋወርበት አገር፣ እስክሪብቶ የያዘውን ማን ይሰማዋል?

መንዝ ላይ ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከመሐል ሜዳ አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋው ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ወደ አባይም ወደ አዋሽም የሚወርድ ውኃ የሚመነጭበት ቦታ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጠበቀው የቄሮ ሥርዓት ነው (ከፖለቲካው ቄሮ ጋር አይምታታ)። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ሜዳውን ተካፍለው፣ አለቃ መርጠው፣ ሣሩ እስኪያገግም ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይዘጉት ነበር። በዝግ ጊዜ ከብት ያስገባ ይቀጣል። ሲከፈት ሣሩ ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት መኖ የሁሉም ነው።

ያንን ሜዳ የጠበቁት ደሞዝተኞች አልነበሩም። ግን «በጎ ፈቃደኛ»ም አልነበሩም። ጥበቃው ግዴታ ነበር፤ ከግዴታው ጋር የመቅጣት ሥልጣንና የሣር ድርሻ ነበረው። ዛሬ የተረፈው ግዴታው ብቻ ሆኖ፣ ስሙ በጎ ፈቃድ ተባለ።

ሥርዓቱ ቅዱስ ነበር ማለት አይደለም። ከአስቦም ከጌራም ያልተወለደ ሰው ድርሻ አልነበረውም፤ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ያንን በር መስበሩ ተገቢ ነበር። ጥፋቱ ሌላ ነው። በሩን ሲሰብር የበሩን ጠባቂም አብሮ አባረረ። የሁሉም የተባለው ሣር ቀድሞ የደረሰ የሚግጠው ሆነ።

«ከብት ጭራሽ አይግባ» የሚሉም አሉ። ሰሜን ተራሮችን ይጠቅሳሉ፤ የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ። እውነት ነው። ነገር ግን መንደር የሚነሳው አንዴ ነው፤ ከብት ከዙሪያው ቀበሌ በየቀኑ ይወጣል። በበጋ ማሳው ደርቆ፣ ገለባው አልቆ፣ ላሟ ስትከሳ እያየ ከሣሩ የሚያርቃት ገበሬ የለም። መቼ፣ ስንት ከብት፣ በየትኛው በኩል እንደሚገባ የሚወስን ሰው ከሌለ፣ ክልከላው ግጦሹን ወደ ሌሊት ከማዛወር አያልፍም።

ከከብቱ ጋር ደግሞ ውሻ አለ። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮዎችን ደጋግሞ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኛና ከመንደር ውሾች የተዛመተ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ስለዚህ ቆጣሪው መቁጠር ያለበት ቀንድ ብቻ ሳይሆን ያልተከተበ ውሻም ነው። ውሻ ክትባት ደግሞ በበጎ ፈቃድ አይገዛም፤ በጀት ይፈልጋል።

ቆጣሪው የሚያስፈልገው ምስጋና አይደለም። የጻፈው ቁጥር የሚያስቀጣ ይሁን፤ ቅጣቱን የሚጥለው እሱ ብቻውን ሳይሆን ከብቱን የሚያረባው ሕዝብ የመረጠው ጉባኤ ይሁን፣ ቂሙም ለሁሉም ይከፋፈል። ሜዳው ሲከፈት የእሱ ድርሻ ከሌላው ይብለጥ። ወረዳውም በየዓመቱ ስንት ክስ እንደደረሰውና በስንቱ ላይ እንደወሰነ ጽፎ፣ ሕዝቡ እሁድ ከቅዳሴ ሲወጣ በሚያየው ቦታ ይለጥፍ።