ቁርጥ ዋጋ ወዴት አለ?

ከውጭ አገር የሚመለሱ ወገኖቻችን ስለ መርካቶ ሲያወሩ የማይሰለቻቸው አንድ ወቀሳ አለ። «እዚያማ ዋጋ ቁርጥ ነው፤ የተጻፈውን ከፍለህ መውጣት ነው። እዚህ ግን ነጋዴው ፊትህን አይቶ ይጠራብሃል» ይላሉ። እኔም ቁርጥ ዋጋ አለበት በሚባለው አገር፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ለዓመታት አስቤዛ ስገዛ ኖሬ የተመለስኩ ነኝና ይህን አልቀበልም።

እስቲ የሱፐርማርኬቱን መደርደሪያ እንመልከት። 4 ዶላር ከ99 ሳንቲም ይላል። ለምን 5 አይልም? ዓይናችን ቀድሞ 4ቱ ላይ እንደሚያርፍ ነጋዴው ስለሚያውቅ ነዋ! ያም ሆኖ መክፈያው ዘንድ ሲደርሱ ሒሳቡ ሌላ ነው። የሽያጭ ግብር ገና ይጨመርበታል። በሰሜን ቨርጂኒያ ለዳቦው 1 በመቶ፣ ለሳሙናው 6 በመቶ፤ ኦሪገን ቢሻገሩ ደግሞ ጭራሹን የለም። ቋንቋው ገና ያልገባት አዲስ ገቢ እናት ሳንቲሟን ቆጥራ ትቀርብና ሲጎድልባት፣ ሰልፈኛው እያያት ዕቃ ትመልሳለች። ግብሩን ደምሮ መጻፍ አይቻልም እንዳይባል፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው መመሪያ ግብሩን ያካተተው ዋጋ ከኪሎው ወይም ከሊትሩ ዋጋ ጋር እንዲጻፍ አዟል።

የአባልነት ካርዱስ? አንዱ ቡና ሁለት ዋጋ ይለጠፍበታል፤ ስሙንና ስልኩን ለሰጠ አንድ፣ ላልሰጠ ሌላ። እንግዲህ ፊት አይቶ መጥራት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የመርካቶው ነጋዴ እንኳ ፊቴን ማታውኑ ይረሳዋል። የዚያኛው ግን የገዛሁትን ሁሉ መዝግቦ ያስቀምጣል።

የእኛዋ የጉልት ነጋዴ ሽንኩርቱን ሸጣ ስታበቃ አንድ ራስ «ምርቃት» ብላ ትጨምራለች። እዚያ ግን የካርቶኑ መልክ ሳይለወጥ ውስጡ ይቀንሳል፤ ዋጋው እንዳለ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ ትልልቅ መደብሮች እንዲህ ያለውን ቅነሳ ከዕቃው አጠገብ ለጥፈው እንዲያሳውቁ ያስገደደችው በከንቱ አይደለም።

መርካቶ ንጹሕ ነው አልልም። ሚዛን የሚሰርቅ ሞልቷል። ነገር ግን «መጨረሻህ ስንት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ይመልስልኛል፤ ካልተስማማን ወደሚቀጥለው ሱቅ እሄዳለሁ። ክርክሩ ሁለት አፍ አለው። የሱፐርማርኬቱም ዋጋ ክርክር ነው፤ ልዩነቱ የሚናገረው ሻጩ ብቻ መሆኑ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ለገዢው አፍ የሚሆነው ሕግ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዝምታን ከሐቀኝነት አንቁጠረው። የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶችም ከውጭ መቅዳታቸው ካልቀረ፣ 99ኙን ትተው የኪሎውን ዋጋ ይቅዱ። ቁርጥ ዋጋ ማለት ገዢው መደርደሪያው ፊት እንደቆመ ስንት እንደሚከፍልና ስንት ግራም እንደሚያገኝ ሲያውቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ክርክር ነው፤ ክርክር ከሆነ ደግሞ እኛም አፍ ይኑረን!