የጓሳ ገመድና የነገው ባትሪ

ልጆች የማይጠይቁት ነገር የለም። «ባትሪ ውስጥ ምን አለ? ለምንስ ቶሎ ያረጃል?» ብለው ሲያፋጥጡን አብዛኞቻችን «አርፈህ አጥና» ብለን እናልፈዋለን። ጥያቄው ግን መልስ ይገባዋል። በተለይ አገር ቤት ላሉ ወላጆቻችሁ የሶላር መብራት ገዝታችሁ የምትልኩ ብታውቁት ትጠቀማላችሁ። መልሱን ከመንዝ እንጀምር።

የጓሳ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ በበጋ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ደጋ ነው። ብርድ ደግሞ የባትሪ ጠላት ነው። የሊቲየም ባትሪ ሁለት ዋልታዎች አሉት። ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየም ከአንዱ ዋልታ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ መብራቱ ሲበራ ይመለሳል። በመካከል ያለው ፈሳሽ በብርድ ሲወፍር ጉዞው ይዘገያል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ደግሞ ሊቲየሙ ወደ ካርቦኑ ዋልታ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ ይጋገራል። ባትሪው ያለ ዕድሜው የሚያረጀው አንድም በዚህ ነው።

ሌላው ዋልታ ብዙ ጊዜ የሚሠራው እንደ ኮባልት፣ ኒኬልና ብረት ካሉ ማዕድናት ነው። ከዓለም ኮባልት አብዛኛው የሚወጣው ከኮንጎ ሲሆን፣ ከፊሉ ሕፃናት ከሚሠሩባቸው ጉድጓዶች እንደሚቆፈር በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ለልጃችን ማጥኛ የገዛነው መብራት የሌላ ሰው ልጅ ላብ ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው። ለዚህም ነው ኬሚስቶች «ማዕድኑን በሌላ ነገር መተካት አይቻልም ወይ?» ብለው የተነሡት።

ያገኙት መልስ ኦርጋኒክ ዋልታ ይባላል። ገበያ ላይ «ኦርጋኒክ» ስንል ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያ የበቀለ አትክልት ማለታችን ነው። ለኬሚስት ግን በካርቦን ላይ የተመሠረተ ማለት ነው። በካርቦንና በኦክስጅን መካከል ያለው ጥምር ማሰሪያ ኤሌክትሮንን ከነሊቲየሙ ተቀብሎ ማስቀመጥ፣ ሲፈለግም መልሶ መስጠት ይችላል። ካርቦንና ኦክስጅን ደግሞ በየዕፅዋቱ ውስጥ አሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ትናንሽ ሞለኪውሎች ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ስኳር በሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ፣ በባትሪው ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟሉ። ዋልታው ከቀን ወደ ቀን እያለቀ ይሄዳል። መፍትሔውን የመንዝ ሰው ከጓሳ ሣር ጋር ሲኖር ያውቀዋል። አንዷን የሣር ዘለላ ነፋስ ይወስዳታል፤ ብዙው አንድ ላይ ሲገመድ ግን እንስሳ ያስራል። ሞለኪውሎቹም እንዲሁ እየተያያዙ ረጅም ሰንሰለት ሲሆኑ በቀላሉ አይሟሙም። ፖሊመር የሚባለው ይህ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ።

ገመዱ ግን ዋጋ ይጠይቃል። ኤሌክትሪክ የማይዘው የሰንሰለቱ ክፍል ትርፍ ሸክም ነው። ብዙዎቹ ፖሊመሮች ኤሌክትሪክን በደንብ ስለማያስተላልፉ የካርቦን ዱቄት ይቀላቀልባቸዋል፤ እሱም ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ለተመሳሳይ ጉልበት የሚሠራው ባትሪ ወፈር ይላል። ለቀጭን ስልክ ይህ ጉድለት ነው፤ መደርደሪያ ላይ ለሚቀመጥ መብራት ግን ያን ያህል አያስጨንቅም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ፖሊመሮች እ.ኤ.አ. በ1977 የተገኙ ሲሆን፣ ግኝቱ በ2000 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። የ2019 ተሸላሚው ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖም የሊቲየም ባትሪውን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሞክር አንደኛውን ዋልታ የሠራው ፖሊአሴቲሊን ከተባለ ፖሊመር ነበር። ቦታ የሚይዝና ቶሎ የሚበላሽ ሆኖ ስላገኘው በካርቦን ተካው። የብርዱን ነገር ደግሞ በሻንጋይ የፉዳን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 አሳይተዋል። ሁለቱም ዋልታዎቹ ከፖሊመር የተሠሩና ብርድ የማያወፍረው ፈሳሽ ያለው ባትሪ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ላይ ሠርቶላቸዋል። የጓሳ ውርጭ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም ነው።

በዚህ ሥራ የአገራችንም እጅ አለበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ተመራማሪ ሽመልስ አድማሴ (ዶ/ር)፣ ከስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ዋልታን ከሊግኒንና ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፍ ፖሊመር ቅልቅል ስለመሥራት በ2014 እና በ2016 ጥናቶች አሳትመዋል። ሊግኒን የእንጨትንና የሣርን ግንድ የሚያጠነክር ነገር ነው፤ የወረቀት ፋብሪካ እንደ ተረፈ ምርት ያስወግደዋል። ይህኛው ባትሪ የሊቲየም ሳይሆን የቅርብ ዘመዱ ነው። የያዘውን ኤሌክትሪክ ሳይሠራበት ቀስ በቀስ ማፍሰሱም ገና ያልተፈታ ችግር ነበር።

«ከዕፅዋት» ተባለ ማለት ግን የጓሳ ሣር ይታጨድ ማለት አይደለም። የመንዝ ሰው ያንን ሣር ለዘመናት ያቆየው ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲደርስ ብቻ ከፍቶ፣ በልክ በማጨድ ነው። ባትሪ ሠሪውም ሊማር የሚገባው ይህንኑ ልክ ማወቅ ነው። ደግሞም ኦርጋኒክ የተባለ ሁሉ ከዕፅዋት አይመጣም፤ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራም አለ።

የፖሊመሩ ባትሪ ሱቅ እስኪደርስ ድረስ ያለንን እንጠብቅ። ብርድ አገር ላሉ ዘመዶቻችሁ መብራት ስትልኩ እነዚህን አብራችሁ ንገሯቸው፦ ሌሊት ቤት ውስጥ ይደር፤ ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ፀሐይ ላይ አይሰጣ። ያበጠ ባትሪ አይወጋ፣ አይከፈት፣ እሳት ውስጥ አይጣል፤ ልጆችም መጫወቻ አያድርጉት። ያረጀውን ማሳ ላይ ከመወርወር ለብቻው ደረቅ ቦታ አስቀምጦ፣ የሚቀበል ነጋዴ ወይም ጠጋኝ ሲገኝ ማስረከብ ይሻላል።

ልጁ እንደገና «ለምን ያረጃል?» ብሎ ከጠየቀም አትቆጡት። ገመዱን አሳዩትና ከዚያ ጀምሩለት። ጥያቄው ካላለቀለት ደግሞ ኬሚስትሪ የሚባል ትምህርት እንዳለ ንገሩት።