ቲሸርቱ አርጅቷል፣ ጣሪያው ግን ዛሬም ያፈሳል፦ የክረምት በጎ ፈቃድ ለማን ነው?

ሰኔ ሲጋመስ የስልካችን ኖቲፊኬሽን ይቀየራል። እስከ ትናንት የፈተና ወርክሺት ሲዘዋወርበት የነበረው የቴሌግራም ግሩፕ ድንገት ስለ ክረምት ማውራት ይጀምራል። የበጎ ፈቃድ ምዝገባ ተጀመረ ይላል አንዱ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ችግኝ ተከላ አለ፣ ማንም እንዳይቀር ይላል ሌላው። ሦስተኛው ደግሞ ሃይኪንግና በጎ አድራጎት በአንድ ቀን፣ ትራንስፖርትና ምሳን ጨምሮ ብሎ ዋጋ ለጥፏል።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ መስከረም እስኪጠባ ሁለት ወር ገደማ አለ። ዝናብ፣ ጭቃ፣ የማያልቅ ዳታ የሚበላ ቲክቶክ። በዚህ መሀል ከቤት ወጥቶ አንድ ቁም ነገር መሥራት የማያጓጓው ልጅ የለም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ወጥተን የምንሠራው ሥራ ማንን ይጠቅማል?

እኛም ሄደን እናውቃለን። የአሥረኛ ክፍል ክረምታችን ላይ፣ በሰፈራችን የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ቤት ሊታደስ ነው ተብሎ ተጠራን። አርባ የምንሆን ልጆች ነበርን። ቲሸርት ታደለን። ጭቃ አቦካን፣ ግድግዳ መረግን፣ ቀለም ቀባን። ከሰዓት በኋላ እንግዶች መጡ፣ አብረን ፎቶ ተነሳን፣ ዳቦና ለስላሳ ቀረበልን። ደስ ብሎን ቤታችን ገባን፤ ማታውኑ ፖስት አደረግን።

በቀጣዩ ክረምት በዚያ ስናልፍ እማማ ቡና ጠጡ ብለው አስገቡን። ጥጉ ላይ ባልዲ ተደቅኗል። ጣሪያው ያፈሳል። ለካስ የእሳቸው ችግር ድሮውንም ቆርቆሮው ነበር፤ እኛ የቀባነው ግን ግድግዳውን ነው። እቅዱን ያወጣው አካል አልጠየቃቸውም። እውነቱን ለመናገር እኛም አልጠየቅናቸውም።

እንግዲህ በጎ ፈቃድ ይቅር እያልን አይደለም። በየዓመቱ በክረምት የአረጋውያን ቤት ይታደሳል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል፣ ደም ይለገሳል፣ ማዕድ ይጋራል፣ መንገድ ላይ ቆመው ሕጻናትና አረጋውያንን የሚያሻግሩ ልጆችም አሉ። ጣሪያው በትክክል ተቀይሮለት ክረምቱን ደረቅ ቤት ውስጥ ያሳለፈ ሰው ብዙ ነው። እኛ የምንለው፣ ይሄን ሁሉ ጉልበት ይዘን ለምን ግድግዳ ቀብተን እንመለሳለን ነው።

የቁጥር ሱስ

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የቀኑ እቅድ 700 ሚሊዮን ነበር፣ ከእቅዱ በላይ ተሳክቷል ተባለ።

የተከላው ቁጥር በዚያው ማታ ስልካችን ላይ ይደርሳል። ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ጸደቀ የሚለው ግን በዚያው ፍጥነት አይመጣም። ነገሩ ግልጽ ነው። ችግኝ የሚተከለው በሐምሌ፣ ዝናብ ባለበት ነው። የሚደርቀውና ከብት የሚበላው በበጋ ነው። በበጋ ደግሞ የተከለው ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል። ውኃ የሚያጠጣ፣ የሚያጥር፣ የሚጠብቅ ሰው ከሌለ የሐምሌው ሥራ ጥር ላይ ባዶ ጉድጓድ ይሆናል።

የቤቱም እድሳት፣ የማዕዱም ነገር ያው ነው። የታደሰ ቤት ይቆጠራል፣ የማያፈስ ቤት አይቆጠርም። የተሰለፈ ወጣት ይቆጠራል፣ የተማረ ሕጻን አይቆጠርም። የሚቆጠረው ነገር ደግሞ የሚሠራውን ነገር ይወስናል።

አያቶቻችንም ዘምተዋል

ተማሪን ከከተማ አውጥቶ ወደ ሕዝብ መላክ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ማድረግ ጀመረ። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ነው የሄዱት።

ከዚያ ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ። ዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ተዘግተው ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ማስተማሩ፣ ጉድጓድ መቆፈሩ፣ የገበሬ ማኅበር ማደራጀቱ ነበረበት። ግን "አልሄድም" ማለት የሚቻልበት ዘመቻ አልነበረም። ብዙዎች በልባቸው ሳይፈልጉ ሄዱ፣ ብዙዎችም ጥለው ተመለሱ።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በወታደራዊ መንግሥት ዘመን የተካሄደ ነው፣ ግዴታና ፖለቲካም ነበረበት። ነገር ግን ሥራው አንድና ግልጽ ነበር፦ ማንበብና መጻፍ ማስተማር። መጽሐፍ ተዘጋጀ፣ ቋንቋዎቹ እያደጉ ሄደው 15 ደረሱ፣ የተማረው ሰው ተፈትኖ ማለፉ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት የተገኘውም በዚህ ነው።

ከሁለቱ ዘመቻዎች እኛ የምንወስደው አጭር ነው። ጉልበት ብቻውን አይበቃም፤ ሥራው ምን እንደሆነና አለቀ የሚባለው መቼ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ፈቃድም ከሌለ ስሙ በጎ ፈቃድ አይባልም።

ውጭ አገርስ?

ሜሪላንድ የሚኖር የአክስት ልጅ ካላችሁ ጠይቁት። እዚያ አንድ ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ በአጠቃላይ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠበቅበታል። ሰዓቱ ተመዝግቦ በኃላፊ ተፈርሞ ነው የሚያዘው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ያበሻ ልጆች በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየምግብ ባንኩ ክረምታቸውን ይሄን ሲሞሉ ያሳልፋሉ። ግዴታ መሆኑ ያነጋግራል። ግን አንድ ጥቅም አለው፦ ሰዓቱ ይታወቃል።

እንግሊዝ ደግሞ ጀብዱና አገልግሎትን ባንድ ላይ አድርጋ ሞክራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በተጀመረው ብሔራዊ የዜጎች አገልግሎት ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በክረምታቸው መጀመሪያ ከቤት ርቀው ቋጥኝ ይወጡ፣ ታንኳ ይቀዝፉ ነበር፤ ከዚያ ተመልሰው ለሰፈራቸው የሚጠቅም ፕሮጀክት ራሳቸው አቅደው ይሠሩ ነበር። ቤተሰብ የሚከፍለው ከ50 ፓውንድ አይበልጥም ነበር፣ የቀረው ከመንግሥት ነበር።

ልጆቹ ወደውታል። ችግሩ ሂሳቡ ላይ ነበር። የአገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት ለአንድ ልጅ በአማካይ 1,863 ፓውንድ ይወጣ ነበር። በዚያው ዘመን ዓመቱን ሙሉ ክፍት የነበሩ የሰፈር የወጣት ማዕከላት በጀት እያጡ ይዘጉ ነበር። ኅዳር 2017 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ፕሮግራሙን እንደሚዘጋ አስታወቀ፣ ከዚያም ተዘጋ። የተቺዎቹ ክርክር ለእኛም ይሠራል፦ ጥቂት ሳምንት የሚደምቅ ክረምት፣ ዓመቱን ሙሉ የሚከፈት በርን አይተካም።

ሦስተኛው ደግሞ የሚያሳዝነው ነው። ከሀብታም አገር የመጡ ወጣቶች ከፍለው ድሃ አገር ሄደው ለሁለት ሳምንት የወላጅ አልባ ሕጻናት ማሳደጊያ ውስጥ "የሚያገለግሉበት" ጉዞ አለ። በካምቦዲያ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 እንዲህ ያሉ ማሳደጊያዎች በጣም በዙ፤ ውስጣቸው ያሉት አብዛኞቹ ልጆች ግን ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ወላጅ ነበራቸው። ጎብኚው ሲበዛ ገንዘብ መጣ፤ ገንዘቡ ሲመጣ ሕጻናቱ ከቤታቸው ተወሰዱ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ባሳለፈው ውሳኔ ይህ ጉዳት እንዲቆም ጠይቋል።

ይሄ የፈረንጅ ችግር ነው ብለን አንለፈው። በበዓል ሰሞን ኬክ ይዘን ማሳደጊያ ሄደን፣ የሕጻናቱን ፊት በቲክቶክ የለቀቅን ስንት ነን? ልጁ ነገ አድጎ ያንን ቪዲዮ ክፍል ጓደኞቹ ሲያዩት ምን ይሰማዋል? የታናሽ ወንድማችንን ፊት እንደዚያ አንለቅም።

ስለ እኛ ደህንነትስ ማን ያስባል?

አሁን ብዙ ወደማይወራበት እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው "ወጣት ሠራተኛ" ነው፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም፣ ትርፍ ሰዓትም የለውም።

አሁን አስቡት። ያው የ16 ዓመት ልጅ ደመወዝ ሲከፈለው ሰዓቱ ይቆጠርለታል፣ በነጻ ሲሠራ ግን ማን ይቆጥርለታል? ጣሪያ ላይ ሲወጣ መሰላሉን የሚይዝለት ማነው? በአይሱዙ ጀርባ ተጭኖ ችግኝ ሊተክል ሲሄድ ቢወድቅ ማን ያሳክመዋል? በነጻ መሥራት ያለ ጥበቃ መሥራት ማለት መሆን የለበትም።

አንድ ሌላ ነገር። "ካልመጣህ ማስረጃ አይሰጥህም" ተብሎ የሚጠራ ልጅ ፈቃዱን አልተጠየቀም። ሰርተፊኬት መፈለግ ነውር አይደለም፤ ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ሲቪው ላይ አንድ መስመር ትልቅ ነገር ነው። ነውሩ ያልሠራበትን መስጠት፣ የሠራበትን ደግሞ መያዣ ማድረግ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

በእኛ እይታ ታዳጊ ልጅ ከሁሉ በላይ የሚችለውና ብዙ ወጪ የማይጠይቀው ሥራ ማስተማር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ማለፊያውን ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሰዋል። ክፍተቱ 12ኛ ክፍል ላይ አይጀምርም፣ ታች ክፍል ነው የሚጀምረው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ለአምስተኛ ክፍል ልጅ ክፍልፋይ ማስረዳት አይከብደውም። ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል። ክረምቱ ሲገባ ፈትኖ፣ ሲወጣ ፈትኖ ለውጡን ማየት ይቻላል። መስከረም ላይም ቅዳሜ ቅዳሜ መቀጠል ይቻላል።

ችግኝም ቢሆን መቶ ተክሎ ከመርሳት አሥር ተክሎ እስከ ግንቦት ማጠጣት ይሻላል። ቤት እድሳት ላይ ደግሞ አናጺው ጣሪያ ይሥራ፣ ልጆቹ ዕቃ ያቀብሉ። ገጠር ያደገ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ደቦ ሲጠራ ባለቤቱ ሥራውን ይናገራል፣ የሚያውቅ ሰው ይመራል፣ ወጣቱ እያገዘ ይማራል፣ ምግቡም አይረሳም። ማሳው ሳይጠናቀቅም ደቦው አይበተንም።

ስለዚህ ዘንድሮ ከመመዝገባችሁ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁ፦

1. ሥራውን የፈለገው ማነው? የሚታገዘው ሰው ተጠይቋል?
2. እኛ ከሄድን በኋላ ማን ይከታተለዋል?
3. ስንት ሰዓት ነው የምንሠራው? ምሳና ውኃ አለ?
4. ጉዳት ቢደርስ ማን ይወስደናል? የወላጅ ስልክ ተይዟል?
5. ፎቶ ከተነሳ የማን ፊት ነው የሚወጣው፣ ፈቅዷል ወይ?

መልስ የሚሰጥ አስተባባሪ ካገኛችሁ ሂዱ፣ ጓደኛም ይዛችሁ ሂዱ። "ዝም ብለህ ና" የሚል ከሆነ ግን እዚያው ሰፈራችሁ ውስጥ ራሳችሁ ጀምሩ። አንድ አረጋዊት፣ አንድ ተማሪ፣ አንድ ችግኝ ይበቃል።

እኛ ባለፈው ሰኔ ምን እንዳደረግን እንንገራችሁና እንጨርስ። አራት ጓደኛሞች እማማ ቤት ሄደን "ምን እናግዝዎ?" ብለን ጠየቅን። ስምንት ቆርቆሮና ምስማር ብቻ ነበር የጎደላቸው። ከሰፈሩ እድር፣ ከየቤታችንና ከሁለት ሱቆች አዋጣን። የሰፈራችን አናጺ ግማሽ ቀኑን በነጻ ሰጠን፣ እኛ መሰላል ያዝን። ቲሸርት አልነበረም። ባልዲው አሁን ልብስ ይታጠብበታል። ርዕሱ ላይ ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል ያልነው የእሳቸውን አይደለም፤ ያንን ክረምት አብረን ቀለም የቀባነው ሁለተኛ ቤት ነበር፣ እሱ ዛሬም ያፈሳል። ዘንድሮ ተራው የእሱ ነው።

እናንተ ሰፈርስ? ባለፈው ክረምት የታደሰው ቤት ዛሬ እንዴት ነው? ሄዳችሁ እዩና ኮሜንት ላይ ንገሩን።